የሯጮች አገር ቁርስና የመንገደኛው ስኳር

ከአሰላ ተነሥቶ በሳጉሬ በኩል ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ 56 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ በቆጂ ይደርሳል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ የጧቱ ብርድ ጆሮ ይቆነጥጣል፤ መንገደኛውም ከመኪና እንደ ወረደ እጁን እያፋተገ ወደ መጀመሪያው ሻይ ቤት ጎራ ይላል። አሳላፊው ቀርቦ «ቁርስ ምን ይምጣ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ጨጨብሳ በማር፣ ትኩስ ዳቦ፣ ስኳሩ ጠበቅ ያለ ሻይ። እንዲያውም ያዘዘው መንገደኛው ሳይሆን ብርዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ቁርስ ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም። ሐኪም «ስኳር አለብህ» ላለው ሰው ግን የቀኑን ውሎ የሚያበላሽ ገበታ ነው። እኛ ገና ከትምህርት ቤት ወጥተን ሥራ የያዝን ወጣቶች የስኳር በሽታ ሲባል የሽማግሌዎችና የባለጠጎች ጉዳይ አድርገን እናየዋለን፤ ስለዚህም አንድ የመሥሪያ ቤት መኪና አምስት ሰዎች አሳፍሮ ለመስክ ሥራ ወደ አርሲ ሲወጣ ከአምስቱ አንዱ ኪኒኑን በደረት ኪሱ ይዞ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሊሆን እንደሚችል አናስብም። ያ ሰው ምናልባት ከእኛው ጋር በአንድ ክፍል የተማረ ጓደኛችን ነው፤ ምናልባትም መሪውን የጨበጠው ሹፌር ነው። ቁርስ የትና በስንት ሰዓት እንደሚበላ የሚወስነው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የጉዞው ኀላፊ የሆነው ወጣት ነው። ነገሩን ወደዚህ ገጽ ያመጣሁት ስለዚህ ነው።

ዳቦ፣ ጨጨብሳ፣ ገንፎ፣ ቂንጬና በሶ ስማቸውና ጣዕማቸው ይለያይ እንጂ በሆድ ውስጥ መጨረሻቸው አንድ ነው፤ ስኳር ሆነው ወደ ደም ይገባሉ። ሐኪሞች ይህን ዓይነቱን ምግብ ካርቦሃይድሬት ይሉታል። 100 ግራም የሚመዝን የስንዴ ዳቦ 50 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይይዛል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ይጨምርበታል፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ ደግሞ ከ12 ግራም ያላነሰ ያመጣል። ሁለት እንቁላል ግን ተደምረው 2 ግራም እንኳ አይሞሉም። ጧት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሰውነት ከእንቅልፍ ሊነቃ ሲል እንደ ኮርቲሶል ያሉ ሆርሞኖችን ይለቃል፤ ጉበትም ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ያወጣል። ስለዚህ ሕመሙ ያለበት ሰው ገና አንድ ጉርሻ ሳይጎርስ ስኳሩ ከፍ ብሎ ሊነሣ ይችላል፤ በዚያ ላይ የሚጨመረውም ዳቦ፣ ያው ዳቦ በምሳ ሰዓት ቢበላ ከሚያደርገው ይልቅ ስኳሩን ያንረዋል። ከቀኑ ገበታ አንዱን ብቻ ማስተካከል የሚችል ሰው እንግዲህ ቁርሱን ቢመርጥ ያዋጣዋል።

ይህ ከራሴ ያፈለቅሁት ግምት አይደለም። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ ዓይነት ሁለት የሚባለው የስኳር ሕመም ያለባቸውን 23 ሰዎች አንድ ቀን እንቁላል፣ ሌላ ቀን የአጃ ገንፎና ፍራፍሬ አስቆርሰው ምሳና እራታቸውን ግን አንድ ዓይነት አደረጉ። እንቁላል በቆረሱበት ቀን ከቁርስ በኋላ የሚመጣው የስኳር መናር ከሞላ ጎደል ቀረ፤ የቀኑም መዋዠቅ ቀነሰ። ልብ በሉ፤ የተሸነፈው ቦምቦሊኖ ወይም ኬክ ሳይሆን ዓለም ሁሉ ለጤና ተስማሚ ነው እያለ የሚያመሰግነው የአጃ ገንፎ ነው።

አሁን ወደ በቆጂ ልመለስ። በቆጂን ዓለም ያወቃት በእግሯ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ዐሥር ሺሕ ሜትሩን፣ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ማራቶኑን አሸንፈው ወርቅ ይዘው የገቡት ከዚሁ አካባቢ ተነሥተው ነው። በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሎምፒክ ደግሞ ቀነኒሳ በቀለ በወንዶች፣ ጥሩነሽ ዲባባ በሴቶች አምስት ሺሕውንም ዐሥር ሺሕውንም ጠቅልለው ስለ ወሰዱ ከአንዲት ደጋ ከተማ አካባቢ በአንድ ጊዜ አራት ወርቅ ወጣ። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ለብዙ ዓመታት የከተማይቱን ልጆች ጎሕ ሲቀድ ወደ ሜዳ ያወጡ ነበር። ከልምምድ የተመለሰ ልጅ ዳቦውን በጣፋጭ ሻይ ሲያወርድ ማየት ያስደስታል፤ ሲሮጥ የቆየ ጡንቻ ስኳሩን ከደም ውስጥ እየሳበ ይወስደዋልና፣ ለዚህም ኢንሱሊንን እምብዛም አይጠብቅም። በዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ከጎኑ የተቀመጠው የእኛ መንገደኛ ግን ከአዲስ አበባ ተቀምጦ መጥቶ ተቀምጦ የሚሄድ ሰው ነው። ሁለቱ የሚበሉት አንድ ዳቦ ነው፤ ዳቦው በአንዱ ሰውነት ውስጥ የሚሠራውን ግን በሌላው ውስጥ አይሠራም። ይሁን እንጂ እንግዳው «የሯጮች ምግብ ነው» እየተባለ ሲቀርብለት ደስ ብሎት ይበላል።

የስንቃችንም ነገር እንደዚሁ ነው። ጭኮ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና የገብስ ቆሎ የመንገድ ምግቦች ናቸው። የተፈጠሩት ግን ቀኑን ሙሉ በእግሩ ለሚጓዝ ወይም በአርሲ ፈረስ ዳገት ቁልቁለቱን ለሚፈጅ ሰው ነበር። ዛሬ ከአዳማ እስከ አሰላ ያለውን 75 ኪሎ ሜትር በመኪና ወንበር ላይ እያንቀላፋን እንጨርሰዋለን፤ የበሶው መጠን ግን አልቀነሰም።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር መነሣቱ አይቀርም፤ እኔም በበቆጂና በአሰላ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። «ገብስ ለስኳር መድኀኒት ነው፤ የገብስ እስከሆነ ድረስ የፈለግኸውን ያህል ብላ» ይላሉ። አባባሉ እውነት አለበት። ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል፣ በሆድ ውስጥ እንደ ሙጫ እየሆነ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት የሚያዘገይ ነገር አለው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣንም በ2003 ዓ.ም. ይህንኑ መርምሮ ተቀብሎታል። የተቀበለው ግን በልክ ነው፤ በምግቡ ውስጥ ላለው ለያንዳንዱ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ግራም ቤታ ግሉካን ሊኖር ይገባል አለ። ተራው ገብስ ብዙውን ጊዜ ይህን ያህል አይይዝም። በተጨማሪም እህል በላመ ቁጥር በሆድ ውስጥ ቶሎ ስኳር ይሆናል፤ ስለዚህ ያልተፈጨው ቆሎና ተከክቶ ብቻ የተቀቀለው ቂንጬ ከገንፎና ከበሶ ይሻላሉ። የሚሻሉ ናቸው እንጂ መድኀኒት አይደሉም። ስለ ማርም «የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» የሚባል ነገር አለ፤ ደም ግን ስኳሩ ከንብ ይምጣ ከወንጂ አይለይም።

እንግዲያውስ ምን ይብላ? ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ በእውነት ግን ነገሩ ከታሰበው ይቀላል። የበቆጂ አካባቢ የገብስና የስንዴ ብቻ ሳይሆን የባቄላ፣ የአተር፣ የተልባና የከብትም አገር ነው። በከተማይቱ ሻይ ቤት የሚሠሩ አንዲት እናት «እትዬ፣ ዳቦና ጨጨብሳ የማይበላ እንግዳ ቢመጣብዎ ምን ያቀርቡለታል?» ብዬ ብጠይቃቸው ሳቁብኝና «ልጄ፣ እንቁላሉም ባቄላውም ሁልጊዜ አለ፤ ሰው ግን ካልጠየቀኝ ምን ብዬ አቀርባለሁ?» አሉኝ። አባባላቸው ልክ ነው። ምግቡ ከወጥ ቤት አልጠፋም፤ የጠፋው ጠያቂው ነው።

ዋናው እንቁላል ነው። ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በቃሪያ ተጠብሶ ሲቀርብ ብርዱንም ይመልሳል፣ እስከ ምሳም ያቆያል። ችግሩ አሳላፊው ሳይጠየቅ ሁለት ዳቦ አብሮ ማምጣቱ ነው፤ ዳቦው ገበታ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ እጅ ሳያስበው ይሄዳል። ስለዚህ ገና ሲታዘዝ «ዳቦውን ግማሽ ብቻ» ማለት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ፉል ነው። ባቄላ ካርቦሃይድሬት የለውም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ገንቢ ምግብና አሰር ስላለው ስኳሩን የሚለቀው ቀስ ብሎ ነው። ፉልን በዳቦ እየጠቀሱ መብላት ልማድ ሆነ እንጂ በማንኪያ መብላት የሚከለክል ሕግ የለም። አይብ በጎመን ከተገኘ እሰየው፤ ስኳር ያልገባበት እርጎም መልካም ነው። ወተት የሚወድ ሰው አንድ ብርጭቆ ቢጠጣ ወደ 10 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰዱን ያስብ እንጂ መፍራት የለበትም። ጥብስ ወይም ዱለት በማለዳ የሚያዝዝ ሰው ካለም ስኳሩን አይጨምርበትም፤ ቅባቱ ለልብና ለኪስ የሚያመጣውን ግን እርሱ ይወቅ። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ግን እንቁላሉንም ባቄላውንም በምን ያህል መጠን እንደሚበላ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሻዩን በተመለከተ አንድ ምስጢር አለ። በብዙ ሻይ ቤት ስኳሩ በብርጭቆው ሥር ከተቀመጠ በኋላ ነው ሻዩ የሚቀዳው። «ስኳር አልፈልግም» የሚለው ቃል ሻዩ ከመጣ በኋላ ቢነገር አሳላፊው «አያማስሉት» ብሎ ይመክርዎታል፤ ይህም መፍትሔ አይደለም። ቀደም ብሎ መናገር ነው። ቡና የሚጠጣ ሰው ግን ይህ ጭንቀት የለበትም፤ አያቶቻችን ቡናን በጨው እንጂ በስኳር አልጀመሩትም።

«ጨጨብሳውንስ ጨርሶ ልተወው?» የሚል ይኖራል። በቆጂ ድረስ መጥቶ አለመቅመሱ ለአንዳንዱ ከበሽታው የባሰ ቅጣት ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ አንድ ሳሕን ለአራት ሰው ይታዘዝ፤ ማሩ ለብቻው ይምጣ፤ የሚበላውም ከእንቁላሉ በኋላ ይሁን። «በኋላ» የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በኒውዮርክ የዌይል ኮርኔል የሕክምና ትምህርት ቤት ሐኪሞች በ2007 ዓ.ም. ባወጡት አነስተኛ ጥናት 11 ሕሙማን አንድ ዓይነት ምግብ በሁለት ቀን ተሰጣቸው፤ በአንዱ ቀን ዳቦውና የብርቱካን ጭማቂው ቀደመ፣ በሌላው ቀን ዶሮውና አትክልቱ ቀደመ። ዳቦው በመጨረሻ በተበላበት ቀን ከአንድ ሰዓት በኋላ የተለካው ስኳር በ37 ከመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ምግቡ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተራው ብቻ ነው። ከቁርስ በኋላም ሌሎቹ ሁለተኛ ሻይ እስኪጠጡ ድረስ የበቆጂን ዋና መንገድ ሩብ ሰዓት ያህል ወዲያ ወዲህ ማለት ይጠቅማል። በሯጮች ከተማ ደግሞ የሚራመድ ሰው አይን አይገባም።

የጾም ቀን ሲሆን ነገሩ ጠበብ ይላል። ረቡዕና ዓርብ እንቁላሉም አይቡም ከገበታ ይነሣል፤ ጿሚው መንገደኛም ዳቦ በሻይ ወይም እንጀራ ፍርፍር ላይ ይወድቃል። በዚህ ቀን የሚያድነው ባቄላና ምስር ነው። ፉል ያለ ቅቤ፣ ወፈር ያለ ሽሮ፣ የምስር ወጥ፣ ጎመን፣ የባቄላና የአተር ንፍሮ፤ እነዚህን በብዛት ይዞ እንጀራውን ወይም ዳቦውን ማሳነስ ነው። ወጡ እንጀራውን እንዲያስበላ ሳይሆን እንጀራው ወጡን ለማንሣት ብቻ እንዲቀርብ ማድረግ ነው ማለት ነው። አርሲ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተዋሕዶ የሚኖርበት አገር ስለሆነ የረመዳንም ጥያቄ ይነሣል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በራሱ ፈቃድ ሳይሆን ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጋር ተማክሮ ይወስን፤ ሁለቱም እምነቶች ለሕመምተኛ መንገድ ትተውለታል።

እስካሁን የተናገርሁት ስኳር ስለሚወጣበት መንገድ ነው። አንባቢዬ ግን ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ምንም አለመብላት ይሻላል» ብሎ እንዳይደመድም እሰጋለሁ። ኢንሱሊን በ1913 ዓ.ም. በቶሮንቶ ከመገኘቱ በፊት ሐኪሞች ሕሙማኑን በረኀብ ያቆዩ ነበር፤ ያ ዘመን አልፏል። ዛሬ በመድኀኒት ላይ ያለ ሰው ቁርስ ሲዘልል የሚገጥመው አደጋ ከስኳር መብዛት የፈጠነ ነው።

ይህን የነገሩኝ ከሃያ ዓመት በላይ መኪና የነዱ አንድ ሹፌር ናቸው። አብረን ስንጓዝ ጋሼ እያልሁ ነበር የምጠራቸው። ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን ኪኒን ይወስዳሉ፤ ይህ መድኀኒት ሆዱ ባዶ ለሆነ ሰው አይራራም፤ ምግብ ኖረም አልኖረም ስኳሩን ያወርዳል። አንድ ጧት አዳማ ላይ ኪኒናቸውን ውጠው «ቁርስ አሰላ ነው» ብለው ተነሡ። የጉዞው መሪ የነበረው ወጣት ግን ስብሰባው እንዳይዘገይ ብሎ «ዝም ብለን እንለፍ፤ በቆጂ እንቆርሳለን» አለ። ጋሼ ሕመማቸውን ለመሥሪያ ቤታቸው አልነገሩም ነበርና ተቃውሞ አላሰሙም። «ቢያውቁ ቁልፉን ይቀበሉኛል ብዬ ፈራሁ» አሉኝ። ኢተያን እንዳለፉ እጃቸው መንቀጥቀጥ፣ ብርዱ እያለ ግንባራቸው ማላብ ጀመረ። «መንገዱ ሁለት ሆኖ ታየኝ፤ የቱ እውነተኛው እንደሆነ ለመለየት ስሞክር አንዱ ልጅ ‹ጋሼ፣ ወደ ዳር እየወጡ ነው› ብሎ ጮኸ።» መኪናውን እንደ ምንም አቁመው ከኋላ ወንበር የተገኘ አንድ ለስላሳ ጠጡ። ከሩብ ሰዓት በኋላ አእምሯቸው ተመለሰ። ወጣቱ መሪ ያን ጊዜ ምን እንዳለ ጠይቄያቸው ነበር፤ «ምን ይበል ልጄ፣ አልነገርሁት!» ብለው ዝም አሉ።

ስለዚህ ግሊቤንክላሚድ የሚውጥ ወይም ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሁለት ነገር ይያዝ። መድኀኒቱን የሚወስደው ቁርሱ ፊቱ መቅረቡን ሲያይ ነው እንጂ ይቀርባል ተብሎ ተስፋ ሲሰጠው አይደለም። ዳቦውን የሚቀንስም ከሆነ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ ለሁለት ዳቦ የተመጠነ መድኀኒት ለግማሽ ዳቦ ይበዛልና። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ይህ አደጋ እምብዛም አያገኘውም። የደም ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ሲወርድ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠንና የሐሳብ መደናገር ይታያል። ያን ጊዜ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ይሰጠው፤ 15 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና ይለካ፤ ከዚያ ምግብ ይብላ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ ወደ ሐኪም ቤት ማሮጥ ነው። በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ ለዚህ ሰዓት አይሆንም፤ ቅቤው ስኳሩን ያዘገየዋል።

የመጨረሻው ችግር ምግቡ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። የወረዳው ባልደረቦች እንግዳ መጣ ብለው ገበታ ሲያስዘጋጁ፣ አንዱ ማር ያጠቀሰ ጉርሻ አዘጋጅቶ «በሞቴ!» ሲል፣ «አልበላም» ማለት ፊት መንሣት ይሆናል። እኔ ያየሁት ደህና ዘዴ ከዋዜማው መናገር ነው። ከመነሣት በፊት ስልክ ደውሎ «ነገ ጧት ለእኔ እንቁላልና ፉል ብቻ አስዙልኝ» ያለ ሰው በማግስቱ ማንንም አያስቀይምም፤ ጋባዡም እንግዳው የወደደውን በማቅረቡ ይደሰታል። ለመኪናው ኀላፊ የሆነ ወጣትም ሕመሙን ማንም እንዲናዘዝለት ሳይጠይቅ፣ ገና ከአዲስ አበባ ሲነሣ «ቁርስ በስንት ሰዓትና የት ይሻላችኋል?» ብሎ ሹፌሩን ጭምር ቢጠይቅ ምንም አይጎድልበትም።

ጋሼ ዛሬም በዚያው መንገድ ይነዳሉ፤ ሕመማቸውንም ለአለቃቸው ነግረው ቁልፉን ማንም አልተቀበላቸውም። ከበቆጂ ወደ አሳሳ ሲነሡ ምሳ ቢዘገይ ብለው ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና አንድ እፍኝ አሹቅ በወረቀት ጠቅልለው ይይዛሉ። ከመሪው አጠገብ ባለችው ትንሽ መሳቢያ ውስጥ ደግሞ ከረሜላ አለ። ከረሜላው ለተሳፋሪ እንዳይደለ አዲስ ሰው መኪና ላይ በወጣ ቁጥር አስቀድመው ይናገራሉ።